ወባ በቀይ የደም ሕዋስ ውስጥ፦ መመርመሪያው ለምን ይስታል? መድኃኒቱስ ለምን ይዘገያል?

በኢትዮጵያ ከ2024 መባቻ እስከዚያው ዓመት ጥቅምት 20 ድረስ ከ7.3 ሚሊዮን በላይ የወባ ሕሙማንና 1,157 ሞት መመዝገቡን የዓለም ጤና ድርጅት አስታውቆ ነበር። (በዚህ ጽሑፍ ያሉት ዓመታትና ቀኖች ሁሉ በአውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።) በ2019 ዓመቱን ሙሉ የተመዘገበው ከአንድ ሚሊዮን በታች፣ በ2023 ደግሞ 4.1 ሚሊዮን ነበር።

ቁጥሩ ሲያሻቅብ ወሬውም ተከተለ። በጤና ጣቢያ ወረፋ፣ በመድኃኒት ቤት መስኮት፣ በማኅበራዊ መገናኛው ሦስት አባባሎች እየተደጋገሙ ይሰማሉ። አንደኛው «ኪቱ ወባ የለብህም ይላል፣ ማይክሮስኮፕ ግን ያገኛል፤ ኪቱ የማይረባ ነው» የሚል ነው። ሁለተኛው ስለ ተለመደው የወባ መድኃኒት ነው፤ «ኮአርተም ድሮ ቀረ» ይላል። ሦስተኛው ከሁለቱም ያረጀ ነው፤ «ወባ አንዴ ከገባ ከደም አይወጣም»።

በሦስቱም ውስጥ እውነት አለ። እንዳሉ ከተወሰዱ ግን ሦስቱም ያሳስታሉ፤ አንዱን ሰው የጀመረውን መድኃኒት ያስቋርጣሉ፣ ሌላውን ለሌለበት በሽታ ኪኒን ያስውጣሉ። እውነቱን ከግምቱ ለመለየት የሚረዳው የወባ ተውሳክ በገባበት ሕዋስ ውስጥ ምን እንደሚሠራ ማወቅ ነው። መመርመሪያው የሚያየውም፣ መድኃኒቱ የሚመታውም ያንኑ ሥራ ነውና።

## ኒውክለስ የሌላት ሕዋስ

አብዛኞቹ የሰውነታችን ሕዋሳት በስስ የስብ ሽፋን የተከበቡ ናቸው። በውስጣቸው የዘር መረጃ የሚቀመጥበት ኒውክለስ፣ በዚያ መረጃ መሠረት ፕሮቲን የሚገጣጥሙ ራይቦዞሞች፣ ከምግብ ኃይል የሚያወጡ ማይቶኮንድሪያዎች አሉ። ቀይ የደም ሕዋስ አንዳቸውም የሏትም። በአጥንት መቅኔ ውስጥ ስታድግ ኒውክለሷን አውጥታ ትጥላለች፤ ወደ ደም ከገባች በኋላም በአንድ ሁለት ቀን ውስጥ የተረፉትን ራይቦዞሞችና ማይቶኮንድሪያዎች ታስወግዳለች። የምትቀረው ከሰባት እስከ ስምንት ማይክሮሜትር ስፋት ያላት ከረጢት ናት፤ አንድ ማይክሮሜትር የሚሊ ሜትር አንድ ሺህኛ ነው። በከረጢቷ ውስጥ 270 ሚሊዮን ገደማ የሄሞግሎቢን ሞለኪውሎች ታጭቀዋል። ሄሞግሎቢን ኦክስጅን የሚሸከመው፣ ብረት ያለበት፣ ደምን የሚያቀላው ፕሮቲን ነው።

ይህ አሠራር ለሥራዋ ይስማማታል። እንደ ልቧ ስለምትተጣጠፍ ከራሷ ስፋት በጠበቡ የደም ሥሮች ውስጥ ትሾልካለች። የምትከፍለው ዋጋ ግን አለ። የተበላሸባትን ፕሮቲን በአዲስ መተካት ስለማትችል 120 ቀን ገደማ ኖራ ትወገዳለች፤ መቅኔም ጉድለቱን ለመሙላት በየሴኮንዱ ከሁለት ሚሊዮን በላይ አዳዲስ ቀይ ሕዋሳት ያመርታል። ያረጁትን ለይቶ ከሚያስወግዱት አካላት ዋነኛው ጣፊያ ነው። በጣፊያ ውስጥ ደም እጅግ በጠበቡ ስንጥቆች ያልፋል፤ መተጣጠፍ ያቃታት ሕዋስ እዚያው ትቀራለች።

ለወባ ተውሳክ ይህች ከረጢት መሸሸጊያም ቀለብም ናት። ሌሎች ሕዋሳት ባዕድ ነገር ሲገባባቸው የወራሪውን ፕሮቲን ቁርጥራጭ ወደ ገጻቸው አውጥተው ለነጭ የደም ሕዋሳት ያሳያሉ። ቀይ ሕዋስ ይህን የምታደርግበት መሣሪያ የላትም፤ ስለዚህ ውስጧ የተቀመጠውን ማንም አያይበትም። ቀለቡ ደግሞ ሄሞግሎቢኑ ነው።

ተውሳኩ ራሱ ባለ አንድ ሕዋስ ፍጡር ነው፤ ስሙ ፕላዝሞዲየም ይባላል። በኢትዮጵያ በብዛት የሚገኙት ሁለት ዝርያዎቹ ናቸው፤ ገዳዩ ፋልሲፓረምና የሚያገረሸው ቫይቫክስ። ከባክቴሪያ በተለየ ፕላዝሞዲየም እንደ እኛ ሕዋሳት ኒውክለስም ማይቶኮንድሪያም አለው። የፋልሲፓረም የዘር መረጃ በ14 ክሮሞዞሞች ላይ የተከፋፈለ ሲሆን ከአምስት ሺህ በላይ ጂኖች አሉት። ከእኛ ጋር መመሳሰሉ የወባ መድኃኒት መፈለግን አስቸጋሪ ካደረጉት ነገሮች አንዱ ነው፤ እሱን የሚገድል ብዙ ነገር እኛንም ይጎዳል። እኛ ዘንድ የሌለ ክፍል ግን አንድ አለው፤ ከቀይ አልጌ የተወረሰ፣ በአራት ሽፋን የተጠቀለለ አፒኮፕላስት የሚባል ክፍል። ዶክሲሳይክሊን የተባለው አንቲባዮቲክ ወባን የሚያዳክመው ይህን ክፍል ሥራ በማስፈታት ነው። ለምን እንዳነሣሁት ወደ በኋላ ይታያል።

## አርባ ስምንቱ ሰዓት

ደም ውስጥ የተለቀቀ ተውሳክ ቀይ ሕዋስን ይነካል፣ ሹል ጫፉ ወደ ሕዋሷ እስኪዞር ይገለባበጣል፣ ከዚያም ገፍቶ ይገባል። ሁሉም በአንድ ደቂቃ ገደማ ውስጥ ያልቃል። ሲገባ ሽፋኗን አይቀድም፤ ወደ ውስጥ እየጎተተ በእሱው ተጠቅልሎ ይቀመጣል። በመጀመሪያዎቹ ሰዓታት በማይክሮስኮፕ ሲታይ የቀለበት ቅርጽ አለው። በዚህ ዕድሜው የሚበላው ጥቂት ነው። ካደገ በኋላ ግን የሕዋሷን ሄሞግሎቢን አብዛኛውን ይጨርሳል።

ሄሞግሎቢን ሲፈጭ ሂም የሚባል ብረት አዘል ቅንጣት ይተርፋል፤ ሂም ለተውሳኩ መርዝ ነው። ስለዚህ ተውሳኩ ሂሙን ወደ ቡናማ ድንጋይ መሰል ቅንጣት እያጋገረ በሆዱ ያከማቻል። ፈረንሳዊው ሐኪም አልፎንስ ላቬራን በ1880 በአልጄሪያ ኮንስታንቲን ከተማ የወባን ተውሳክ ለመጀመሪያ ጊዜ ያየው በወባ ሕሙማን ደም ውስጥ ይህን ቀለም ሲከታተል ነበር። ክሎሮኪን የተባለው የጥንቱ መድኃኒትም የሚሠራው ይህንን ማጋገር በማወክ ነው።

ፋልሲፓረም ሌላም ነገር ያደርጋል። የራሱን ፕሮቲኖች በሕዋሷ ውስጥ አሻግሮ ወደ ገጿ ይልካል፤ ገጿ ላይ ጉብታዎች ይወጣሉ፣ ሕዋሷም ከትንንሽ የደም ሥሮች ግድግዳ ጋር ትጣበቃለች። ጥቅሙ ግልጽ ነው፤ የተጣበቀ ሕዋስ ወደ ጣፊያ አይሄድም። በሰውየው ላይ የሚያመጣው ጉዳት ደግሞ የፋልሲፓረም ገዳይነት ዋና ምንጭ ነው፤ መጣበቁ በአንጎል የደም ሥሮች ሲሆን የአንጎል ወባ ይባላል፣ በእርጉዞች ደግሞ የእንግዴ ልጅ ላይ ይከማቻል። ለዚህ ማጣበቂያ ፕሮቲን ተውሳኩ 60 ገደማ የተለያዩ ጂኖች አሉት፤ ሰውነት አንዱን ለይቶ መዋጋት ሲጀምር ወደ ሌላው ይቀይራል። አንድ ሰው በወባ ደጋግሞ ታሞ እንኳ ሙሉ መከላከያ የማያዳብርበት አንዱ ምክንያት ይህ ነው።

በ48ኛው ሰዓት ገደማ ሕዋሷ ትፈነዳና ከ16 እስከ 32 አዳዲስ ተውሳኮች ይለቀቃሉ። የሚያንቀጠቅጠው ብርድና ትኩሳት የዚህ ፍንዳታ ውጤት ነው።

## መመርመሪያው የሚያየውና የማያየው

በጤና ኬላ ያለችው የጤና ኤክስቴንሽን ሠራተኛ የምትጠቀምበት ፈጣን መመርመሪያ፣ ሕዝቡ ኪት የሚለው፣ ተውሳኩን አያይም። የሚፈልገው ተውሳኩ ወደ ደም የሚያፈሰውን ፕሮቲን ነው። ከጣት የተወሰደው ደም በወረቀቱ ላይ ሲስፋፋ ፕሮቲኑ በመንገዱ ላይ ከተቀባ ፀረ እንግዳ አካል ጋር ይያያዛል፤ ፀረ እንግዳ አካል አንድን ባዕድ ነገር ለይቶ የሚይዝ ፕሮቲን ነው። ሁለቱ ሲያያዙ ቀይ መስመር ይወጣል።

ለፋልሲፓረም በብዛት ሲፈለግ የኖረው ኤች.አር.ፒ.2 የሚባል ፕሮቲን ነው። ምርጫው በጊዜው ትክክል ነበር፤ ፋልሲፓረም ብቻ ያመርተዋል፣ በብዛት ያፈሰዋል፣ ሙቀትም በቀላሉ አያበላሸውም። ችግሩ ተውሳኩ ያለዚህ ፕሮቲን መኖር መቻሉ ነው። በክሮሞዞም 8 ላይ ያለው የዚህ ፕሮቲን ጂን ተቆርጦ የጠፋባቸው ተውሳኮች በ2010 ከፔሩ የአማዞን አካባቢ ተዘገቡ፤ በኋላም በኤርትራ በብዛት ተገኙ። ኢትዮጵያ ከኤርትራ፣ ከሱዳንና ከደቡብ ሱዳን በምትዋሰንባቸው አካባቢዎች 12,572 ሰዎችን ያካተተና በ2021 የታተመ ጥናት ከፋልሲፓረም ሕሙማን 9.7 በመቶ ያህሉን በኤች.አር.ፒ.2 ላይ የተመሠረተው ኪት በጂኑ መጥፋት ምክንያት እንደሚስታቸው አሳየ። የዓለም ጤና ድርጅት አገሮች ኪታቸውን እንዲቀይሩ የሚመክረው ስሕተቱ ከ5 በመቶ ሲያልፍ ነው።

ይህ እንዴት ተስፋፋ? የብዙ ተመራማሪዎች ማብራሪያ እንዲህ ነው። ኪቱ «የለም» ሲል መድኃኒት አይሰጥም፤ መድኃኒት ያልወሰደው ሰው ደም ውስጥ ያለው ጂን አልባ ተውሳክ በትንኝ ወደ ሌላው ይተላለፋል። የሚታየው ተውሳክ ይገደላል፣ የማይታየው ይዋለዳል። የድንበሩ ጥናትም ጂን አልባዎቹ በቅርብ ጊዜ በፍጥነት መብዛታቸውን የሚያሳይ የዘረመል አሻራ አግኝቷል። በሌላ በኩል በፔሩ ጂን አልባ ተውሳኮች የበዙት ኪቱ በስፋት ሥራ ላይ ሳይውል ነው፤ ስለዚህ ኪቱን ብቻ ተጠያቂ ማድረግ ሁሉንም አይፈታም። የሁለቱን አካባቢዎች ታሪክ በአንድ ምክንያት ለማስረዳት መሞከር ራሱ ስሕተት ሳይሆን አይቀርም። በአፍሪካ ቀንድ ጂን አልባው ተውሳክ በኪቱ ምክንያት በዝቷል የሚለው ማስረጃ ግን ጠንካራ ነው።

እንግዲህ «ኪቱ ይስታል» የሚለው ወሬ ባዶ አይደለም። ሆኖም በዚያ ጥናት አካባቢ እንኳ ከአሥር የፋልሲፓረም ሕሙማን ዘጠኙን ኪቱ በዚህ ምክንያት አይስታቸውም። በዚህ ላይ ማይክሮስኮፕም ቢሆን ሁሉን አያይም። በመስክ ሥራ ላይ ያለ የላቦራቶሪ ባለሙያ በአንድ ማይክሮ ሊትር ደም ውስጥ ከ50 እስከ 100 ተውሳክ ካልኖረ ሊስት ይችላል። አምስት ሊትር ደም ያለው ጎልማሳ በዚህ ስሌት እስከ 500 ሚሊዮን ተውሳክ ይዞ «ወባ የለም» ሊባል ይችላል ማለት ነው። ያደገው ፋልሲፓረም በደም ሥር ግድግዳ ተጣብቆ ከጣት ደም ውስጥ መጥፋቱ ሲታከል፣ ትኩሳቱ ካልለቀቀ በማግሥቱ እንደገና መመርመር የሚመከርበት ምክንያት ይገባል።

ኪቱ በተቃራኒው አቅጣጫም ያሳስታል፤ ይህኛው ብዙ አይወራበትም። ኤች.አር.ፒ.2 ተውሳኩ ከሞተ በኋላ በደም ውስጥ ለሳምንታት ይቆያል። መድኃኒቱን ጨርሶ የዳነ ሰው በሁለተኛው ሳምንት በሌላ ምክንያት አተኩሶት ቢመረመር መስመሩ ሊወጣ ይችላል። ሰውየው «መድኃኒቱ አልሠራም» ብሎ ይደመድማል፤ አንዳንዴም ያንኑ መድኃኒት እንደገና ይወስዳል። ኮአርተምን የሚከሰው ወሬ ከፊሉ የሚወለደው ከዚህ ይመስለኛል።

አማራጩ ኪት ኤል.ዲ.ኤች. የተባለውን የተውሳኩን ኢንዛይም ይፈልጋል። ኢንዛይም ማለት በሕዋስ ውስጥ ያለውን ኬሚካላዊ ሥራ የሚያፋጥን ፕሮቲን ነው። በቀይ ሕዋስ ውስጥ ያለው ተውሳክ ኃይል የሚያገኘው በአብዛኛው ስኳር በማፍላት ነው፤ ያለዚህ ኢንዛይም መኖር ስለማይችል ጂኑን እንደ ኤች.አር.ፒ.2 ጥሎ አያመልጥም። ተውሳኩ ሲሞትም ኢንዛይሙ ቶሎ ከደም ይጠፋል። ድክመቱ ተውሳኩ ጥቂት ሲሆን መስመሩ መደብዘዙ ነው። ኢትዮጵያ ወደዚህ ዓይነት ኪት የመሸጋገር ሥራ ውስጥ ገብታለች።

ወባ የለም ከተባለ በኋላ በየክሊኒኩ የሚሆነውም አይዘለልም። ብዙ ሕሙማን «ታይፎይድና ታይፈስ» ተብለው ይላካሉ፤ ምርመራው ብዙ ጊዜ የቆዩና በትክክለኝነታቸው የሚተቹ የደም ፈተናዎች ናቸው። ለታይፈስ የሚታዘዘው ደግሞ ዶክሲሳይክሊን ነው። ከላይ እንደተባለው ይህ መድኃኒት የተውሳኩን አፒኮፕላስት ይጎዳል፤ ነገር ግን ቀስ ብሎ ነው፣ ውጤቱ ጎልቶ የሚታየው በተከታዩ ትውልድ ላይ ነው። ኪት የሳተው የወባ ሕመምተኛ በታይፈስ ስም ዶክሲሳይክሊን ወስዶ ሻል ሊለው ይችላል። ያን ጊዜ ወባው ሳይታወቅ ያልፋል፣ ፋልሲፓረም ከሆነ ደግሞ ቀስ ብሎ የሚሠራ መድኃኒት ብቻውን ከከባድ ሕመም አያስጥልም።

## መድኃኒቱ ደከመ ወይስ ተውሳኩ ጾመ?

ኮአርተም በኢትዮጵያ ለፋልሲፓረም የመጀመሪያ ተመራጭ መድኃኒት የሆነው በ2004 ነው። ሁለት መድኃኒቶች የተጣመሩበት ነው፤ አርቴሜተርና ሉሜፋንትሪን። አርቴሜተር የአርቴሚሲኒን ቤተሰብ ነው። አርቴሚሲኒንን ከቻይናውያን የባህል መድኃኒት ዕፅ ለይታ ያወጣችው ቱ ዩዩ በ2015 የኖቤል ሽልማት አግኝታበታለች። አርቴሜተር በፍጥነት ገድሎ በሰዓታት ውስጥ ከደም ይወጣል፤ የተረፉትን ለቀናት እየተከታተለ የሚጨርሰው ሉሜፋንትሪን ነው።

አርቴሚሲኒን የሚቀሰቀሰው በራሱ በተውሳኩ ሆድ ዕቃ ነው። ከሄሞግሎቢን የተፈጨው ሂም ውስጥ ያለው ብረት መድኃኒቱን ሲነካው ይቀጣጠላል፤ በአካባቢው ያሉትን የተውሳኩን ፕሮቲኖች በጅምላ ያበላሻል። ሄሞግሎቢን የማይፈጩ የሰው ሕዋሳት በአብዛኛው የሚተርፉትም በዚህ ነው።

እዚህ ላይ ነው ኬልች13 የሚባለው የተውሳኩ ፕሮቲን የሚገባው። ፕሮቲኑ ተውሳኩ በቀለበት ዕድሜው ሄሞግሎቢን ወደ ውስጥ የሚስብበትን ሥራ ያግዛል። ጂኑ በተወሰነ ቦታ ሲለወጥ የሚገባው ሄሞግሎቢን ይቀንሳል፤ ሄሞግሎቢን ሲቀንስ ሂም ይቀንሳል፤ ሂም ሲቀንስ መድኃኒቱ አይቀጣጠልም። በአጭሩ ተውሳኩ መድኃኒቱ በደም ውስጥ ባለባቸው ሰዓታት ይጾማል፤ መድኃኒቱ ሲወጣ ጾሙን ይፈታል። ጾም የሚያስከፍለው ስላለ፣ እንዲህ ያለው ተውሳክ መድኃኒት በሌለበት ከሌሎቹ ቀርፋፋ ሊሆን ይችላል።

በአፍሪካ ቀንድ የሚታየው ለውጥ አር622አይ ይባላል። መጀመሪያ የተዘገበው ከሰሜን ምዕራብ ኢትዮጵያ ሲሆን፣ በኤርትራ ከመድኃኒቱ መዘግየት ጋር ተያይዟል። በ2022 በድሬዳዋ የተከሰተውን ወረርሽኝ ያጠኑ ተመራማሪዎች ይህን ለውጥም ከላይ የተነሣውን የጂን መጥፋትም በዚያው ወረርሽኝ ተውሳኮች ውስጥ አግኝተዋል። አሳሳቢው ይህ መደራረብ ነው፤ ለኪት የማይታይና ለመድኃኒት የሚዘገይ ተውሳክ በአንድ ሰው ደም ውስጥ።

ቢሆንም ባለሙያዎች ነገሩን «ከፊል መላመድ» የሚሉት በምክንያት ነው። ተውሳኩ ከደም ለመጥፋት ይዘገያል፤ በሦስተኛው ቀን አሁንም በማይክሮስኮፕ ይታያል። ሉሜፋንትሪን እስከሠራ ድረስ ግን ሕመምተኛው በአብዛኛው ይድናል። አደጋው ሌላ ነው። አርቴሜተር የሚያስተርፋቸው ተውሳኮች በበዙ ቁጥር ሉሜፋንትሪን ብቻውን የሚጋፈጣቸው ይበዛሉ፣ እሱንም የሚቋቋም የመውጣቱ ዕድል ይጨምራል። ደቡብ ምሥራቅ እስያ በዚህ መንገድ ሄዳለች፤ አርቴሚሲኒን ከዘገየ በኋላ አጣማሪው መድኃኒትም ከሽፎ ሕክምናው ደጋግሞ እንዲቀየር ሆኗል።

«ኮአርተም አልሠራልኝም» የሚል ሰው ሁሉ ግን ይህን ተውሳክ ይዟል ማለት አይደለም። መድኃኒቱ በሦስት ቀን ስድስት ጊዜ ይወሰዳል፤ በሁለተኛው ቀን ሻል ሲለው የሚተው ብዙ ነው። ሉሜፋንትሪን በሚገባ ወደ ደም የሚገባው ደግሞ ቅባት ካለበት ምግብ ጋር ሲወሰድ ነው። ወተትና ቅቤ በማይቀመስበት የጾም ወቅት ኪኒኑን በውኃ ብቻ የሚውጥ ሰው ከመድኃኒቱ የሚያገኘው ትንሽ ነው፤ ዘይት ያለበት የጾም ወጥ ወይም ለውዝ ይህን ያስተካክላል። ማዘዣው ላይ «ከምግብ ጋር» ብቻ ተብሎ መታለፉ አይበቃም፤ ምን ዓይነት ምግብ የሚለው መነገር አለበት።

## «ከደም የማይወጣው» ወባ የሚደበቀው የት ነው?

ትንኝ የምታስገባው ተውሳክ ቀጥታ ቀይ ሕዋስ ውስጥ አይገባም። መጀመሪያ ወደ ጉበት ሕዋስ ይሄዳል፤ እዚያ በአንድ ሳምንት ገደማ አንዱ በሺዎች ተባዝቶ ይወጣል። ቫይቫክስ ግን ከፊሉን ሳያባዛ ያስተኛል። እነዚህ እንቅልፋም ተውሳኮች በጉበት ሕዋስ ውስጥ ለሳምንታት ወይም ለወራት ይቆዩና ይነሣሉ። ኮአርተምም ክሎሮኪንም አይነኳቸውም። በደም ውስጥ ያለው ወባ በእርግጥ ድኗል፤ የተመለሰው ከጉበት ነው። ቀሪ ቫይቫክስ በጣፊያና በመቅኔ ውስጥ በብዛት ሊሸሸግ እንደሚችል የሚያሳዩ የቅርብ ጥናቶችም አሉ።

እንቅልፋሞቹን የሚገድለው ፕሪማኪን ነው፤ በኢትዮጵያ የተለመደው አወሳሰድ 14 ቀን ነው። ትኩሳት በሌለበት ለሁለት ሳምንት ኪኒን መዋጥ ለብዙዎች ስለሚከብድ መሀል ላይ ይቋረጣል። ሁለተኛው ችግር ከቀይ ሕዋስ አሠራር ይመነጫል። ጂ.ሲክስ.ፒ.ዲ. የሚባል ኢንዛይም ሕዋሷን ከኬሚካል ቃጠሎ ይጠብቃታል። አንዳንድ ሰዎች በዘር ደካማ ኢንዛይም ይወርሳሉ፤ ሕዋሷም ኒውክለስና ራይቦዞም ስለሌላት ሲያልቅባት አዲስ መሥራት አትችልም። እንዲህ ያለ ሰው ፕሪማኪን ሲወስድ ቀይ ሕዋሳቱ በብዛት ሊፈርሱ፣ ሽንቱም እንደ ጥቁር ሻይ ሊጠቁር ይችላል። በ2018 በአሜሪካ የተፈቀደው ታፌኖኪን አንዴ ብቻ የሚወሰድ በመሆኑ የ14 ቀኑን ችግር ይፈታል፤ አንዴ ከተዋጠ ግን ለሳምንታት ከሰውነት ስለማይወጣ አስቀድሞ የኢንዛይሙን መጠን መመርመር ግዴታ ነው።

ስለ ቫይቫክስ ሲነሣ ዳፊ የሚባለው የቀይ ሕዋስ ገጽ ፕሮቲንም ይነሣል። ቫይቫክስ ወደ ሕዋሷ የሚገባው በዚህ በኩል እንደሆነ በ1976 ከታወቀ ወዲህ፣ ዳፊ የሌላቸው ሰዎች አይያዙም ተብሎ ለረጅም ጊዜ ታምኖ ነበር። በምዕራብ አፍሪካ ቫይቫክስ ብርቅ የሆነው ሕዝቡ በአብዛኛው ዳፊ አልባ ስለሆነ ነው። በኢትዮጵያ ሁለቱም ዓይነት ሰዎች ተቀላቅለው ስለሚኖሩ ቫይቫክስ ይበዛል። ካለፉት አሥር አሥራ አምስት ዓመታት ወዲህ ግን በማዳጋስካርና በኢትዮጵያ ዳፊ አልባ ሆነው በቫይቫክስ የታመሙ ሰዎች ተገኝተዋል። ፕሮቲኑ በመቅኔ ውስጥ በሕዋሷ ልጅነት ለአጭር ጊዜ ብቅ ብሎ እንደሚጠፋ የሚያሳዩ የላቦራቶሪ ሥራዎች አንድ ማብራሪያ ይሰጣሉ።

## ወረርሽኙን ያመጣው ይህ ነው?

አንዳንድ ባለሙያዎች የተውሳኩን መለወጥ በግንባር ያስቀድማሉ። ሌሎች ጦርነት ያፈረሳቸውን ጤና ተቋማት፣ ያልታደለውን አጎበር፣ ያልተረጨውን ኬሚካል፣ የዝናቡንና የሙቀቱን መዛባት ያስቀድማሉ። ክርክሩን ለማመዛዘን ሁለት ነገር ማየት ይበቃል።

የመጀመሪያው ስሌት ነው። ከአሥር ሕሙማን አንዱን የሚስት ኪት ሥርጭትን ያባብሳል፤ በአምስት ዓመት የታየውን ከሰባት እጥፍ በላይ ጭማሪ ግን ብቻውን አይሸከምም። እንዲያውም ኪት ሲስት የሚመዘገበው ቁጥር መቀነስ ነበረበት። ሁለተኛው የበለጠ ይናገራል። የኤች.አር.ፒ.2 መጥፋትና የኬልች13 መለወጥ የፋልሲፓረም ጉዳዮች ናቸው፤ ቫይቫክስን አይመለከቱም። በእነዚህ ዓመታት ግን ቫይቫክስም አብሮ ጨምሯል። ሁለቱንም ዝርያ በአንድ ጊዜ የሚያሳድግ ነገር ከሕዋሱ ውጭ መፈለግ አለበት።

ከውጭ ካሉት ምክንያቶች ኦሮሚያና አማራ ክልሎች ከ2024ቱ ሕሙማን ከግማሽ በላይ መያዛቸው፣ በሁለቱም ክልሎች ግጭት መኖሩ ትልቁን ቦታ ይይዛል። አኖፊለስ ስቴፈንሳይ የተባለችው የእስያ ትንኝ በ2016 በቀብሪ ደሃር ከተገኘች ወዲህ በሌሎች የኢትዮጵያ ከተሞች ታይታለች፤ በውኃ በርሜልና በግንባታ ጉድጓድ ስለምትራባ ወባን ወደ ከተማና ወደ በጋ ወር ታመጣለች። በ2025 መጀመሪያ የአሜሪካ መንግሥት የውጭ ዕርዳታውን ማቋረጡም ለወባ መከላከል በዚያ ድጋፍ ላይ ለተደገፉ ሥራዎች ሌላ ፈተና ሆኗል። የተውሳኩ መለወጥ እሳቱን አልለኮሰም፤ ለማጥፋት የሚወጣውን ዋጋ ግን በየዓመቱ ያስወድደዋል።

## ቀጥሎ የሚጠበቀው

ኪቱን መቀየር ትርጉም የሚኖረው አዲሱ ኪት በሚያወጣው ደብዛዛ መስመር ላይ ሠራተኞች ሲሠለጥኑ ነው፤ ደብዛዛ መስመርም መስመር ነው። የዓለም ጤና ድርጅት በ2021 እና በ2023 የመከራቸው ሁለቱ የወባ ክትባቶች ተውሳኩ ጉበት ሕዋስ ከመግባቱ በፊት የሚይዙ ናቸው፤ ለፋልሲፓረም ብቻ ስለተሠሩ በኢትዮጵያ ያለውን የቫይቫክስ ድርሻ አይነኩም።

በመድኃኒት በኩል ከአርቴሚሲኒን ቤተሰብ ውጭ የሆነው ጋናፕላሳይድ ከሉሜፋንትሪን ጋር ተጣምሮ በአፍሪካ አገሮች እስከ ሦስተኛው የሙከራ ምዕራፍ ደርሷል። ይህ መድኃኒት ተውሳኩ በራሱ ሕዋስ ውስጥ ፕሮቲኖችን ከቦታ ቦታ የሚያጓጉዝበትን ሥርዓት ያውካል ተብሎ ይታሰባል፤ ሂም ስለማይፈልግ የሚጾመውንም ተውሳክ ይመታል። አጣማሪው ግን ያው ሉሜፋንትሪን ነው። ስለዚህ አዲሱ መድኃኒት ገበያ እስኪደርስ ባለው ጊዜ ኮአርተም በስድስቱም ጊዜ፣ ከቅባት ጋር፣ ወባ መሆኑ ለተረጋገጠ ሰው ብቻ መሰጠቱ ዛሬ ያለውን መድኃኒትም ነገ የሚመጣውንም ይመለከታል።